ቅባቱ የሚደርስበትና የማይደርስበት



ዛሬ የምናገርበትን ጥያቄ መድኃኒት ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው። ሌላው ገዢ እስኪወጣ የሳሙናውንና የጥርስ ቡርሹን መደርደሪያ ሲያይ ይቆያል። ሰው ቀነስ ሲል ይጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የሚቀባ ነገር ይኖራችኋል?" ይላል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል። ትናንት ማታ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጓል፤ እስካሁን የተሰማው ነገር የለም፤ የሚፈልገው እንዳይዘው ብቻ ነው። አንዱ በስሙ ጠርቶ የቴትራሳይክሊኑን የዓይን ቅባት፣ ቲቲሲን፣ ይጠይቃል። ሌላው ጄንታማይሲን ይላል። ሌላው ደግሞ የቴትራሳይክሊን እንክብል ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ፈልቅቆ ዱቄቱን ሊነሰንስበት አስቧል፤ ቁስል ላይ እንዲህ ሲደረግ እያየ ነው ያደገው። ሴቶችም ይጠይቃሉ፤ እነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰው ነው የሚያስጠይቁት።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እጅ ላይ ለወጣ ቁስል ቅባት ከበጀ፣ ባክቴሪያ ለሚያመጣው የአባላዘር በሽታስ ለምን አይበጅም? ስመ ጥር ሳይንቲስቶች ከመቶ ዓመት በላይ የተመላለሱበት ጥያቄ ነው። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ አዋቂ ሰው ከግንኙነት በፊትም ሆነ በኋላ ብልቱ ላይ የሚቀባው አንቲባዮቲክ ከጨብጥ፣ ከቂጥኝም ሆነ ከክላሚዲያ እንደሚያድን የታመነበት ማስረጃ የለም። "የለም" ብዬ ብቀመጥ ግን ያ ወጣት ነገ ሌላ መድኃኒት ቤት ሄዶ ይገዛል። ምክንያቱን ማወቅ መብቱ ነው፤ ዛሬ የመጣሁትም እሱን ለመናገር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቅባት ከአባላዘር ባክቴሪያ በእርግጥ የሚከላከልበትን ቦታ ላንሣ፤ የአራስ ሕፃን ዓይን ነው። ጨብጥ ያለባት እናት ስትወልድ ሕፃኑ በማህፀኗ በር ሲያልፍ ባክቴሪያው ዓይኑ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ መግል ይፈስሰዋል፤ ካልታከመ የዓይኑ ግልጽ ሽፋን ተበስቶ ሕፃኑ ዕውር ሆኖ ሊቀር ይችላል። አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ላይ በአውሮፓ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ይማሩ ከነበሩት ሕፃናት ብዙዎቹ ዓይናቸው የጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር። በ1880 ላይፕሲግ ውስጥ የማዋለጃ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ካርል ክሬዴ በእያንዳንዱ አራስ ዓይን ውስጥ 2 ፐርሰንት የሲልቨር ናይትሬት ጠብታ ማድረግ ጀመረ። በሆስፒታሉ ከሚወለዱት 100 ሕፃናት 10 ያህሉን ይይዝ የነበረው በሽታ ከ1 በታች ወረደ። የጨብጥ ባክቴሪያ በአልበርት ናይሰር ከታወቀ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነበር፤ ፔኒሲሊን ሊገኝ ደግሞ ግማሽ ምዕተ ዓመት ይቀር ነበር።

ዛሬ በእኛ ጤና ተቋማት ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ የምትጠቀመው የ1 ፐርሰንት ቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። አሠራሯን ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓይኑን በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ የታችኛውን ቆብ በጣቷ ሳብ ታደርጋለች፤ የቱቦው ጫፍ ዓይኑን ሳይነካ ቅባቱን ከአፍንጫው በኩል ካለው ጥግ ጀምራ ወደ ውጪ እንደ ቀጭን ክር ታሰምራለች። ሁለቱን ዓይን ጨርሳ ሕፃኑን ለእናቱ ትመልሳለች። ይህ ምን ያህል እንደሚያድን ናይሮቢ ውስጥ ተጠንቶ በ1988 ታትሟል። ቴትራሳይክሊን የጨብጡን የዓይን በሽታ በ93 ፐርሰንት፣ የክላሚዲያውን በ77 ፐርሰንት ቀንሶ ተገኘ።

ቅባቱ እዚህ ለምን ሠራ? ባክቴሪያው የሚያርፍበት ቦታ ታውቋል፤ ቦታው ትንሽና ለዓይን ግልጥ ነው። የደረሰበትም ሰዓት ታውቋል፤ የልደቱ ሰዓት ነው። ቅባቱን የሚያደርገው ደግሞ የሠለጠነ እጅ ነው። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እንኳ ቅባቱ ወሰን አለው። ክላሚዲያ በዓይን ብቻ አይገባም፤ በአፍንጫና በጉሮሮም ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ወርዶ ከሳምንታት በኋላ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። ዓይን ላይ የተሰመረ ቅባት ጉሮሮ ጋ ላለው ባክቴሪያ ምንም አያደርገውም።

ይህ ክላሚዲያ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አገራችን ውስጥ፣ በተለይም በአማራ ክልል ገጠሮች፣ ስንቶችን ዓይነ ስውር ያደረገው ትራኮማ፣ የዓይን ማዝ የምንለው፣ መንስኤው ይኸው የባክቴሪያ ዝርያ ነው፤ ዓይን የሚያጠቃውና በግንኙነት የሚተላለፈው የአንድ ዝርያ ሁለት ወገኖች ናቸው። ለትራኮማም መጀመሪያ የሚሰጠው ያው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ልጁ ያለቅሳል፣ ቅባቱ ይጣበቃል፣ ዓይኑን ያጨልምበታል፤ እናት ደግሞ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀምና ማጀት አለባት። በሦስተኛው ሳምንት ስንት ቤት ውስጥ ቱቦው ተረስቶ እንደቀረ የገጠር ጤና ሠራተኞች ይመሰክራሉ። አዚትሮማይሲን መጣና በዓመት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የሚዋጥ ሆነ። የመንደሩ ሰው ዛፍ ሥር ተሰልፎ ቁመቱ በእንጨት እየተለካ ይወስደዋል። ቅባቱ ዛሬ የቀረው በአብዛኛው ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ነው። እናት በየቀኑ በምታየው ዓይን ላይ እንኳ ቅባት እንዲህ ከተሸነፈ፣ በማይታየውና በሚታፈርበት ቦታ ላይ ምን ይሆናል?

ወደ አዋቂው እንምጣ። በ1906 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ኤሊ ሜችኒኮፍና ኤሚል ሩ ስለ ቂጥኝ ይመራመሩ ነበር። ጦጣዎችን በቂጥኝ ከበከሉ በኋላ ካሎሜል የተባለ የሜርኩሪ ውሕድ ያለበት ቅባት ቢያሹባቸው በሽታው እንደሚቀር አይተዋል። ሰው ላይስ? ፖል ሜዞንቭ የተባለ የሕክምና ተማሪ፣ ቂጥኝ ይዞት የማያውቅ ወጣት፣ "በእኔ ሞክሩት" አለ። ቆዳው ተቧጥጦ ከቂጥኝ ቁስል የተወሰደ ፈሳሽ ተደረገበት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦታው በካሎሜል ቅባት ታሸ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ፤ የቂጥኝ ቁስል ለመውጣት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። አብረውት ተበክለው ቅባት ያልተደረገላቸው ጦጣዎች ቁስል አወጡ። ሜዞንቭ ግን ጤነኛ ሆኖ ቀረ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም በዚሁ ርዕስ አቀረበ። ያኔ ለቂጥኝ አስተማማኝ ፈውስ አልነበረም፤ ልጁ አስይዞ የነበረው ዕድሜውን ነው። የዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ይህን ሙከራ ፈጽሞ አይፈቅድም።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የተቀበሉት ጦር ሠራዊቶች ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ከፈቃድ ሲመለሱ ብልታቸው በአስታማሚ ይታጠባል፤ በሽንት ቧንቧቸው የብር ውሕድ ይገባላቸዋል፤ የካሎሜል ቅባት ይታሻሉ። ኤቲ ራውት የተባለች የኒውዚላንድ ሴት የአገሯ ወታደሮች በበሽታ ሲረግፉ አይታ ኮንዶም፣ የካሎሜል ቅባትና ማጠቢያ መድኃኒት ያለበት ትንሽ ጥቅል አዘጋጀች። የኒውዚላንድ ጦር በ1917 መጨረሻ ጥቅሉን ተቀብሎ ለወታደሮቹ ማደል ያዘ። የሷን ስም ግን አገሯ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ማውጣት በመቀጮ ተከለከለ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። በአባላዘር በሽታ ታሪክ ውስጥ ሕይወት ያዳነ ሰው ብዙ ጊዜ የተቀበለው ነውር ነው፤ ያን ወጣት መድኃኒት ቤት ውስጥ አንገቱን የሚያስደፋውም ይኸው ነውር ነው።

ታዲያ ያ ቅባት ካዳነ ዛሬ ለምን አይሸጥም? ሜዞንቭን ያዳነው ምን እንደነበረ እንመልከት። የተበከለችው ቦታ ታውቃ የተለየች፣ የጠበበች የቆዳ ክፍል ነበረች፤ ሰዓቱ የተቆጠረ ነበር፤ ሐኪሞቹ አጠገቡ ቆመው ነበር። የአራስ ሕፃን ዓይን ላይ ያየነው ሁኔታ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በወታደሮቹም ቢሆን ውጤት የነበረው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው፤ አምሽቶ የመጣ፣ ሰክሮ የተኛ፣ ያፈረ ወታደር አልዳነም። ሜርኩሪ ደግሞ ራሱ መርዝ ነው። ፔኒሲሊን ሲመጣ ቂጥኝን በመርፌ ማዳን ተቻለና ቅባቱ ተረሳ።

በእውነተኛው ግንኙነት ቦታውም ሰዓቱም አይታወቅም። የጨብጥ ባክቴሪያ የወንዱን ብልት ቆዳ አይፈልግም። የሚፈልገው የሽንት ቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ነው፤ በሴቷም የማህፀን በሯን ውስጠኛ ክፍልና የሽንት ቧንቧዋን፣ እንደ ግንኙነቱ ዓይነት ደግሞ ጉሮሮንና ፊንጢጣን ይይዛል። ጸጉር በሚመስሉ ክሮቹ ከሕዋሱ ጋር ተጣብቆ ሽንት እንኳ አያጥበውም። ከላይ የተቀባ ቅባት እዚያ አይደርስም። ክላሚዲያ ከዚህም ይብሳል። በሰዓታት ውስጥ የሰውን ሕዋስ ከፍቶ ይገባና እዚያው ተሸሽጎ ይራባል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ሕዋሱን አፍርሶ ወጥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። የቂጥኝ ተህዋስ ደግሞ በዓይን በማይታይ ጭረት ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ወደ ንፍፊት ዕጢዎች ይሻገራል፤ ቁስሉ ብልት ላይ ሲወጣ በሽታው ደም ውስጥ ከገባ ሰንብቷል። በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒት ቤት መጥቶ ቅባት መቀባት "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" የሚባለው ነው።

ቀጥዬ የምነግራችሁ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የጨብጥን ባክቴሪያ ከታማሚው ናሙና ማሳደግ ሲፈለግ አንድ ችግር አለ፤ ናሙናው ውስጥ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሞልተዋል፤ እነሱ ቀድመው ያድጉና ጨብጡን ይውጡታል። ስለዚህ ባለሙያው የሚያበቅልበት ሳህን ውስጥ ሆን ብሎ አንቲባዮቲክ ይጨምራል፤ ቫንኮማይሲንና ኮሊስቲን። ሌሎቹ ይሞታሉ፤ የጨብጡ ባክቴሪያ ግን አይነካም፤ ብቻውን ያድጋል። ክላሚዲያን ለማሳደግም ከሚጨመሩት አንቲባዮቲኮች አንዱ ጄንታማይሲን ነው፤ ክላሚዲያን ሳይነካ ሌላውን ያጸዳል። ቅድም ወጣቱ የጠየቀው ጄንታማይሲን ማለት ነው። ውጭ አገር በየሱቁ የሚሸጡት የቁስል ቅባቶች ውስጥ በብዛት ያለው ፖሊሚክሲንም የኮሊስቲን ዘመድ ነው። ሰው የሚቀባው ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ እነዚህን ጀርሞች ለይቶ ለማሳደግ የሚያገለግል መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

"አንቲባዮቲኩን እንለውጥ፣ ጀርሙን በእርግጥ የሚገድል እንፈልግ" የሚል ይኖራል። ይህም ተሞክሯል፤ ዋጋም አስከፍሏል። ኖኖክሲኖል ናይን የሚባል ኬሚካል አለ፤ አንቲባዮቲክ አይደለም፤ የወንድ ዘር የሚገድል፣ ለእርግዝና መከላከያ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ነው። በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ጨብጥን፣ ክላሚዲያን፣ ኤችአይቪንም ይገድላል። ሴት ራሷ የምትቆጣጠረው፣ ወንዱን ማስፈቀድ የማያሻው መከላከያ ተገኘ ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ያ ተስፋ ትክክለኛ ተስፋ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ባሏን ወይም ደንበኛዋን ኮንዶም አድርግ ማለት የማትችል ሴት ብዙ ናት። በቤኒን፣ በኮትዲቯር፣ በደቡብ አፍሪካና በታይላንድ በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶች በጎ ፈቃደኛ ሆነው ጄሉን ተጠቀሙ፤ ግማሾቹ መድኃኒቱ ያለበትን፣ ግማሾቹ መድኃኒቱ የሌለበትን ተመሳሳይ ጄል። ውጤቱ በ2002 ወጣ። ክትትል ከተደረገባቸው 765 ሴቶች ውስጥ መድኃኒቱ ካለበት ወገን 59፣ ከሌለበት ወገን 45 ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘው ተገኙ። ጨብጥንና ክላሚዲያንም አልቀነሰም። ከሁሉ የበለጠ የተጎዱት ጄሉን አዘውትረው የተጠቀሙት ነበሩ። ኬሚካሉ ጀርሙን ሲገድል የብልትን ስስ ሽፋንም እየላጠ ለቫይረሱ በር ይከፍትለት ነበር።

ከዚያ ሙከራ በኋላ የሚቀባ ነገር በብልት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሳያስቡ ማውራት አይቻልም። የሴት ብልት ላክቶባሲለስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች አሲድ እያመረቱ የሚጠብቁት ቦታ ነው። አንቲባዮቲክ እዚያ በየጊዜው ሲገባ እነዚህ ጠባቂዎች ይሞታሉ፤ ፈንገስ ቦታውን ይወርሳል፤ ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ይከተላል። አነስተኛ መጠን ያለው መድኃኒት የቀመሰ ጀርም ደግሞ ሳይሞት ይላመደዋል፤ ጨብጥ ሰልፋን፣ ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ የተላመደ በሽታ ነው፤ ዛሬ ዋናው መድኃኒቱ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ሆኗል፤ እሱም በአንዳንድ አገሮች መሸነፍ ጀምሯል። አሁን የምለውን ደግሞ ልብ በሉልኝ፦ የቲቲሲ ቅባት የተሠራው ቫዝሊን መሰል ዘይታማ ነገር ላይ ነው። ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያሳሳል፤ ኮንዶሙ ይቀደዳል። ሁለት ጊዜ ልጠንቀቅ ብሎ ቅባትም ኮንዶምም የተጠቀመ ሰው በእርግጥ የሚሠራውን መከላከያ በማይሠራው ያበላሸዋል።

በቅርቡ የተሰማው ዜና ግን ቅባትን ጨርሼ እንዳልጥል ያደርገኛል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባል ችግር አለ። ላክቶባሲለሶቹ ተመናምነው ሌሎች ባክቴሪያዎች ሲበዙ የሚመጣ ነው፤ አመድማ ፈሳሽና የዓሣ ዓይነት ሽታ ያመጣል። በዓለም ላይ በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከአራቷ አንዷን ገደማ ይይዛል። በሚዋጥ ሜትሮኒዳዞል ወይም በብልት ውስጥ በሚደረግ ቅባት ይታከማል፤ ነገር ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች በዓመቱ ውስጥ ይመለስባቸዋል። ለዓመታት ሴቶች "ንጽሕና ጉድለት ነው" እየተባሉ ሲሸማቀቁ ኖረዋል። ተመራማሪዎች ወንዱን በሚዋጥ ክኒን ብቻ አክመው ደጋግመው ሞከሩ፤ ለውጥ አልመጣም። ሜልቦርን የሚገኙ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ደግሞ ባክቴሪያዎቹ በወንዱ የብልት ቆዳ ላይ፣ በተለይም በሸለፈቱ ሥር፣ እንደሚቀመጡ ልብ አሉ። ስለዚህ ባሎች ለሰባት ቀን ሜትሮኒዳዞል እየዋጡ በቀን ሁለት ጊዜ 2 ፐርሰንት የክሊንዳማይሲን ቅባት ብልታቸውን እንዲቀቡ አደረጉ፤ ሚስቶችም በዚያው ጊዜ ይታከማሉ። በ2025 የታተመው ውጤት ይህ ነው፦ ባል ካልታከመላቸው ሴቶች 63 ፐርሰንቱ በ12 ሳምንት ውስጥ ተመለሰባቸው፤ ባል ከታከመላቸው 35 ፐርሰንቱ ብቻ። ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ሙከራው ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ ቆመ።

እዚህ ቅባቱ የረዳው ባክቴሪያው ቆዳው ላይ ስለሚቀመጥ ነው፤ ቅባት የሚደርስበት ቦታ። ደግሞም ብቻውን አልነበረም፤ ክኒኑ አብሮት ነበር፤ ሐኪም አዞታል፤ ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት ታክመዋል። ወጣቱ ከሚጠይቀው ነገር ጋር ቅባትነቱ ብቻ ነው የሚያመሳስለው።

ከግንኙነት በኋላ የሚወሰድ አንቲባዮቲክስ የለም ወይ? አለ፤ ግን የሚዋጥ ነው። በደም ተጉዞ የሽንት ቧንቧውም፣ ጉሮሮውም፣ ዕጢውም ጋ ይደርሳል። ዶክሲሳይክሊን 200 ሚሊግራም፣ ግንኙነት ከተደረገ በ72 ሰዓት ውስጥ። በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም በሳን ፍራንሲስኮና በሲያትል ከወንዶች ጋር ወሲብ በሚፈጽሙ ወንዶችና በትራንስጀንደር ሴቶች ላይ ተሞክሮ ቂጥኝንና ክላሚዲያን በእጅጉ ቀነሰ። የአሜሪካው ጥናት በ2023 ሲታተም የቂጥኝ፣ የክላሚዲያና የጨብጥ አጠቃላይ ቁጥር በሁለት ሦስተኛ ገደማ ወርዶ ነበር። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 ለነዚሁ ወገኖች፣ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የባክቴሪያ አባላዘር በሽታ ይዟቸው ለነበሩት፣ መመሪያ አወጣ። በጨብጥ ላይ ያለው ጥቅም ግን ደካማና የማያስተማምን ነው፤ ጨብጥ ቴትራሳይክሊኖችን የተላመደበት አገር ብዙ ነውና።

ለእኛ የሚቀርበው የኬንያው ጥናት ነው። በኪሱሙ 449 ወጣት ሴቶች ተሳተፉበት፤ ዶክሲሳይክሊን ከተሰጣቸውና ካልተሰጣቸው መካከል የጎላ ልዩነት አልታየም። ተመራማሪዎቹ ከጥቂቶቹ ሴቶች ጸጉር ወስደው መረመሩ፤ ከ200 የጸጉር ናሙናዎች መድኃኒቱ የተገኘው በ58ቱ ብቻ ነበር። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን አልዋጡትም። ይህን ስሰማ ሴቶቹን አልወቅስም። ክኒን ቦርሳ ውስጥ መገኘቱ ቤት ውስጥ ጥያቄ ያስነሣል፤ "ምን ይዞሻል? ከማን ጋር ነሽ?" ያሰኛል። ያ ወጣት ቅባት የሚመርጠው ለማንም ሳይናገር ስለሚያልፍለት ነው። ሐኪም ፊት መቀመጥ የለም፣ ደም መስጠት የለም፣ ለጓደኛዬ ምን ብዬ ልንገራት የለም። የቅባቱ ትልቁ ጉዳት እኔ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ምስጢር ይጠብቃል፣ በሽታውንም አብሮ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ያ ወጣት ምን ይባል? የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ሆይ፣ ቅባቱን አንሸጥም ብላችሁ ብቻ አትመልሱት። ወደ ጎን ወሰድ አድርጉት። መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁት፤ ኤችአይቪን ለመከላከል በድንገት የሚጀመረው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚጠይቅ ንገሩት። ጨብጥ ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በማቃጠልና በመግል ይገለጣል፤ ሴት ላይ ግን ምንም ሳያሰማ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስለዚህ ጓደኛውም ልትመረመር ይገባል። የቂጥኝ የደም ምርመራ በማግሥቱ ምንም አያሳይም፤ በሳምንታት ውስጥ፣ ከዚያም በሦስት ወር መደገም አለበት። ኮንዶም ስጡት፤ ከዘይትና ከቫዝሊን ጋር እንዳያደርገው አስረዱት።

ቁስል ከወጣ ምንም አይቀባበት፤ እንክብል ፈቶም አይነስንስበት። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ቢቀባም ባይቀባም ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ የተቀባው ሰው ቅባቱ ያዳነው ይመስለዋል፤ በሽታው ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ከቁስሉ ላይ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የተቀባው መድኃኒት ተህዋሱን ይደብቀዋል።

ነፍሰ ጡሮችን ሳልጠቅስ ከዚህ አልወርድም። አዋላጇ ለአራሱ የምታሰምረው ቅባት ዓይኑን ከጨብጥ ያድናል፤ ከቂጥኝ ግን አያድነውም፤ ቂጥኝ ሕፃኑን የሚይዘው ገና በማህፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ስለዚህ እናት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትሏ ቀን የቂጥኝ የደም ምርመራ ታድርግ። ከተገኘባት ሕፃኑን የሚያድነው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው፤ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፤ ከመውለዷ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ልትወጋ ይገባል። ባሏም በዚያው ሳምንት ይወጋ።